የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት፦ ልጓሙ ከወላጅ እጅ ወደ ልጅ እጅ ሲሸጋገር



የዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ በወጣ ሰሞን በዳባትና በደባርቅ መናኸሪያዎች የሚታየውን ሁኔታ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እናት በሶውንና ቆሎውን በላስቲክ ቋጥራ፣ ጋቢውን አጣጥፋ ታቀብላለች። አባት ገንዘቡን ደጋግሞ ቆጥሮ ይሰጥና «ከማይሆን ሰው ጋር እንዳትገጥም» ይላል። ልጅ «እሺ» ይላል፤ ልቡ ግን ቀድሞት ሄዷል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በወላጅ አፍ ላይ የሚቀረው ዱዓ አንድ ነው፤ «አላህ ይጠብቅልኝ» የሚል። በልብ ውስጥ የሚቀረው ጥያቄ ግን ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከብደው «ልጄ እንደሄደ ይመለስልኝ ይሆን?» የሚለው ነው።

መልሱን ሳንሸፋፍን እንናገር፤ እንደሄደ አይመለስም። አንድ ዓመት ከቤት ርቆ፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አድሮ፣ ልብሱን ራሱ አጥቦ፣ ውጤቱን ራሱ አይቶ ምንም ሳይለወጥ የሚመለስ ልጅ ካለ የሄደበት ጉዳይ አልተሳካለትም ማለት ነው። ወላጅም ተማሪውም መጠየቅ ያለባቸው «ለውጡ እድገት ነው ወይስ ጥፋት?» ብለው ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፈ፣ ዛሬ ደግሞ በዚሁ አካባቢ በመምህርነት የሚያገለግል ሰው ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ይሸኛል፤ ሲመለሱም ያያቸዋል። ከዚያ የተማረውን ለቤተሰቦችና ለወጣቶች ማካፈል ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል።

ለእውቀት ከቤት መውጣት አዲስ አይደለም

በአገራችን ለእውቀት ሲባል ከወላጅ መለየት የቆየ ልማድ ነው። በወሎ ዳናንና ጀማ ንጉሥን የመሳሰሉ ማዕከሎች ለትውልዶች ከየአቅጣጫው የሚመጡ ደረሶችን ሲቀበሉ ኖረዋል። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ከሸይኽ ወደ ሸይኽ እየተዘዋወረ ነሕዉን ከአንዱ፣ ፊቅሁን ከሌላው ይቀራል። የሚበላውን የሚያገኘውም ከአካባቢው ሕዝብ ነው። በክርስቲያን ወገኖቻችን ዘንድም የቆሎ ተማሪው ቅኔውንና ዜማውን ፍለጋ ከደብር ደብር ይዞራል። በጎንደርና በስሜን ምድር ያደገ ሰው ሁለቱንም ያውቃል።

ራቅ ብለን ብናይ ኢማም ሻፊዒይ በወጣትነታቸው ከመካ ተነስተው ወደ መዲና በመሄድ በኢማም ማሊክ ዘንድ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1332 እስከ 1406 የኖሩት ታላቁ ሊቅ ኢብን ኸልዱንም ሙቀዲማ በተሰኘው ሥራቸው ለእውቀት መጓዝ ስለሚያስገኘው ጥቅም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፈዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ እውቀት ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት በመገናኘት ሲቀሰም ይበልጥ ይጠነክራል፤ ተማሪው ብዙ መምህራንን ባየ ቁጥር ደግሞ የእውቀቱን ፍሬ ከየመምህሩ የአገላለጽ ልማድ መለየት ይችላል።

ይሁንና በደረሳውና በዛሬው የኮሌጅ ተማሪ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ደረሳው ከአባቱ ዐይን ወጥቶ ወደ ሸይኹ ዐይን ይገባል። ለሱብሒ ካልተነሳ የሚጠይቀው አለ፤ ከታመመ የምትጠይቀው የሰፈር እናት አለችው። የኮሌጅ ተማሪ ግን ሬጅስትራር ስሙን ከመዘገበ፣ የዶርም ቁልፉን ከተረከበ በኋላ መቼ እንደተኛና መቼ እንደተነሳ ማንም አይጠይቀውም። እስከ ትናንት ሰዓቱን፣ ገንዘቡን፣ ባልንጀራውንና አእምሮውን የያዘው ልጓም በወላጅ እጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ልጓሙ በአንድ ሌሊት ወደ ልጁ እጅ ይሻገራል። የዚያ ዓመት እድገት የሚለካው ይህን ልጓም መያዝ በመቻልና ባለመቻል ነው።

የደባርቅ ደጅ

የሩቁን ትተን የራሳችንን ደጅ እንይ። ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗ ዓለም ያውቃታል፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራተኛው ትውልድ እየተባሉ ከሚጠሩት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀብሎ ያስተምርባታል።

ምደባ የሚሉት ነገር የአገሪቱን ልጆች እንደ እህል ያቀላቅላቸዋል። የቆላ አገር ልጅ ቀጭን ሸሚዝ ለብሶ ደባርቅ ይወርድና በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የዳባት ልጅ በበኩሉ ጋቢውን ተሸክሞ ጂንካ ወይም ቀብሪ ደሃር ይደርስና ጋቢው ለምን እንደሚያስፈልግ ግራ ይገባዋል። አንዱ ቋንቋ ሳይሰማ፣ ሌላው ምግቡ ሳይስማማው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልፋሉ።

ለዚህ ደጅ መብቃት በራሱ ቀላል አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነዋል። ከማለፊያው በታች ካገኙት የተወሰኑት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት እየገቡ ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኙ ተደርጓል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍል መግባቱ ቀርቶ አንድ ዓመት የፍሬሽማን ትምህርት ይወስዳል። በዚያ ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ አመክንዮና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ሰብእና ሌሎችም ይሰጣሉ። የትምህርት ክፍል ምርጫው የሚወሰነው በዚያ ዓመት ውጤት ጭምር በመሆኑ የመጀመሪያው ዓመት እንደ መለማመጃ የሚታለፍ አይደለም።

የዚህ አካባቢ ልጆችና ወላጆች ደግሞ ከትምህርቱ ሌላ የተሸከሙት ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ የፍሬሽማን ተማሪዎች ዓመቱን ሳይጨርሱ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደየቤታቸው ተበተኑ። በ2013 ዓ.ም. ጦርነት መጣ፤ በነሐሴ መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የተነሳው ግጭትም የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘግቷል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ታግተው ወላጆች ማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቁ ሰምተናል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሲሸኝ የሚፈራው መጥፎ ባልንጀራን ብቻ አይደለም፤ መንገዱንም ይፈራል። ይህን ፍርሃት ተሸክሞ ልጁን የሚልክ ወላጅ ለእውቀት የሚከፍለው ዋጋ ከገንዘብ በላይ ነው። ተማሪው ይህን ማወቅ አለበት።

ሰዓትን መግዛት

አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈተነው በሰዓት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደወል አለ፤ ጧት ይገባል፣ ከሰዓት ይወጣል። በኮሌጅ ግን አንዳንድ ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተምሮ ቀኑ ባዶ ይሆናል። ባዶ የመሰለው ሰዓት የንባብ ሰዓት መሆኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህ በሚድ ፈተና ዋዜማ ሁለት ወር የተከማቸ ሃንድአውት ይዞ ሌሊቱን ሲቸክል ያነጋል።

በዚህ ረገድ ሙስሊም ተማሪ ከቤቱ ይዞት የሚሄደው ትልቅ ስንቅ አለ። አምስቱ የሶላት ወቅቶች ቀኑን ቀድመው ከፋፍለውለታል። ከሱብሒ በኋላ ያለው ጸጥተኛ ሰዓት፣ ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ያለው እያንዳንዱ የራሱ ሥራ ሊሰጠው የሚችል ነው። በደባርቅ ብርድ ለውዱእ ውኃ የነካ እጅ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ለመግለጥ አይሰንፍም። ሶላቱን የጠበቀ ተማሪ ሁሉ ጎበዝ ይሆናል ማለታችን አይደለም፤ ያለ ሥራ ወጤትን መጠበቅ ሃይማኖታችንም አያስተምርም። ማለት የፈለግነው፣ ለአላህ ብሎ ሰዓት ማክበርን የለመደ ሰው ለትምህርቱም ሰዓት ማክበር ይቀለዋል ነው።

የመድረሳ ልጆች ሌላም ስንቅ አላቸው። በመድረሳ ዛሬ የተቀራው ነገ ይደገማል፤ ከሳምንት በኋላም ተመልሶ ይጠየቃል። ሙራጀዓ የምንለው ይህ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የሰው ልጅ የተማረውን ካልደገመው አብዛኛውን በአጭር ጊዜ እንደሚረሳው፣ በየጊዜው እየከፋፈለ ቢደግመው ግን እንደሚይዘው አሳይቷል። ሸይኾቻችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ይሠሩበት ነበር። እኔ ራሴ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ትምህርቴን የያዝኩት ቁርአን በቀራሁበት መንገድ ነው። የዕለቱን ማታ፣ የሳምንቱን ከጁሙዓ በኋላ፣ የወሩን በወሩ መጨረሻ እደግመው ነበር። የመድረሳው ትምህርት ለዓለማዊው ትምህርት እንዴት እንደሚያገለግል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የዶርሙ ትምህርት ቤት

ከክፍል ትምህርት ያላነሰ የሚያስተምረው ዶርም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው ወጣቶች ይኖራሉ። አንዱ ሌሊት ያጠናል፣ ሌላው መብራት ከበራ አይተኛም። አንዱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ሌላው ያመዋል። በቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ሁሉ የታዘዘለት ልጅ ተራ ደርሶት ወለል ይጠርጋል።

እኔ ከተመደብኩበት ክፍል ውስጥ የአንድ ቄስ ልጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውዱእ ሳደርግ፣ ስሰግድ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን «ለምንድን ነው ከመስገድህ በፊት ሁልጊዜ የምትታጠበው? ንጹሕ ሆነህም ትታጠባለህ እኮ» አለኝ። ጥያቄው የክፋት አልነበረም። የውዱእን አደራረግ፣ ፈርዱንና ሱናውን በልጅነቴ ቀርቻለሁ። ስለ ትርጉሙ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። በዚያ ሳምንት ጁሙዓ ሰግጄ ከከተማው መስጂድ ሸይኽ ዘንድ ተቀምጬ ጠየቅሁ፤ ያገኘሁትንም ለጓደኛዬ አስረዳሁት። እሱም ስለ ራሱ ጾምና ጸሎት ነገረኝ። ማንም ማንንም ለማሸነፍ አልሞከረም። በዚያ ዓመት ሃይማኖቴን ከአባቴ የወረስኩት ብቻ ሳይሆን እኔው ራሴ የጨበጥኩት ሆኖ ተሰማኝ።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከሌላ እምነት ልጅ ጋር መኖሩ ያሳስባቸዋል። ጥያቄ የማይጠየቅ እምነት ግን በቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ያልተሞከረ መሣሪያ ነው። የሚያሳስበው ልጁ መጠየቁ ሳይሆን ሲጠየቅ የሚሄድበት ሰው ማጣቱ ነው። ስለዚህ ተማሪ በሄደበት ከተማ ሁሉ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው መስጂዱን፣ ቀጥሎም ሊጠይቀው የሚችል አንድ ዐሊም ወይም ኡስታዝ ነው። የግቢውን የአምልኮ ደንብ አክብሮ፣ ከሁሉም ጋር በመልካም ምግባር እየኖረ ይህን ማድረግ ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. ረመዷንና የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ጀምረው ነበር። በአንድ ክፍል አንዱ ለሱሑር ሲነሳ፣ ሌላው እስከ ቀትር ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይበት ወር ሆነ። በዚያ ዓመት ፍሬሽማን የነበሩ ተማሪዎቼ ሲያጫውቱኝ፣ የፆም ወጡን ለኢፍጣር ያስቀመጡላቸው ክርስቲያን የክፍል ጓደኞቻቸው እንደነበሩ ነግረውኛል። በዜና ብዙ ክፉ በምንሰማበት ዘመን ይህም መነገር አለበት።

«አንደኛ የሚወጣው» ልጅ

በየወረዳው አንደኛ ሲወጡ የነበሩ ልጆች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ይህ ቀላል ሒሳብ ቢሆንም የብዙ ወጣቶችን ልብ ይሰብራል። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ስሙ «ጎበዙ» ነበር። ያ ስም ሲወሰድበት ራሱ የተወሰደ ይመስለዋል።

ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል አንዱ የገበሬ ልጅ ነበር፤ በክፍሉ አንደኛ እየወጣ ያደገ። ሩቅ አገር ተመድቦ ሄደ። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አማካይ ውጤቱ ከ2.00 በታች ሆነና ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ለእረፍት ሲመጣ ለቤተሰቡ «ደህና ነው» አላቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አግኝቶኝ ግን «መምህር፣ ልተወው ነው። አባቴ በግና ነጭ ሽንኩርት እየሸጠ ነው የሚልክልኝ፤ እኔ ደግሞ የእሱን ገንዘብ እያባከንሁ ነው» አለኝ።

እንዴት እንደሚያጠና ጠየቅሁት። የሚያነበው ፈተና ሲደርስ ብቻ ነበር። ያልገባውን ጠይቆ አያውቅም፤ እንግሊዝኛው ሰው እንዳያስቅበት ይፈራል። ሰነፍ አልነበረም። በሁለተኛ ደረጃ ያዋጣው የነበረው መንገድ ኮሌጅ ላይ እንደማያዋጣ ማንም አልነገረውም። በወረቀት ላይ አምስቱን ሶላቶች ጽፈን በመካከላቸው የንባብ ሰዓት አስገባን። በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ጥያቄ በክፍል ውስጥ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ እንዲጠይቅ ተስማማን። የቀረው ለአባቱ መንገር ነበር። እሱ ከሁሉም ከበደው፤ ሆኖም አብሬው ሄድኩ።

አባትየው ዝም ብለው ሰሙ። ልጁ «አባቴ፣ አንቱ የለፉበትን አላከበርኩም» ብሎ ሲጨርስ፣ ጥቂት ቆይተው «ብር ብትጨርስ ፈልጌ እልካለሁ። እውነት ብትጨርስብኝ ግን ከየት አምጥቼ እተካልሃለሁ? ሂድና ተማር፤ የሆነውን ሁሉ ግን ንገረኝ» አሉት። ልጁ ተመልሶ ሄደ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ድምሩ ከማለፊያው በላይ ሆነ፤ አንደኛ አልወጣም። በስልክ የነገረኝ ግን ስለ ውጤቱ አልነበረም። «መምህር፣ በክፍል ውስጥ ጠየቅሁ፤ ማንም አልሳቀም» ነበር ያለኝ። ያ ልጅ በዚያ ዓመት ያደገው ይህን ያህል ነው፤ ትንሽም አይደለም።

አእምሮ የሚሻገራቸው ደጆች

እ.ኤ.አ. በ1970 ዊልያም ፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሃርቫርድ ተማሪዎች ላይ ለዓመታት ያደረገውን ጥናት አሳተመ። እንደ ፔሪ አባባል ተማሪ ኮሌጅ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ እንዳለና መምህሩ መልሱን እንደያዘው ያስባል። ቆይቶ መምህራን ራሳቸው እንደማይስማሙ ሲያይ «እንግዲያው ሁሉም የየራሱ አስተያየት ነው» ይላል። በመጨረሻ፣ ከበረታ፣ ማስረጃን መዝኖ አቋም መያዝንና ለያዘው አቋም ኃላፊነት መውሰድን ይማራል።

ለእኛ ልጆች አስጊው ሁለተኛው ደጅ ነው። «ሁሉም ልክ ነው፤ ምንም የተረጋገጠ ነገር የለም» ብሎ እዚያው የሚቀር ወጣት ከሃይማኖቱም ከሥነ ምግባሩም ሊላቀቅ ይችላል። ሦስተኛውን ደጅ ፈርቶ ወደ አንደኛው የሚመለሰው ደግሞ ከእሱ ሐሳብ የተለየውን ሁሉ ጠላት ማድረግ ይጀምራል። ሁለቱም በየግቢው ይታያሉ።

መድረሳ የቀራ ልጅ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው። ሻፊዒያና ሐነፊያ በብዙ የፊቅህ ጉዳዮች ይለያያሉ፤ በአገራችንም ሁለቱም መዝሀቦች ጎን ለጎን ኖረዋል። የተለያዩት ግን ዝም ብለው አይደለም፤ እያንዳንዱ ደሊሉን ያቀርባል፣ የሌላውንም ያከብራል። ልዩነት አለ ማለት ማስረጃ የለም ማለት እንዳልሆነ ዑለማዎቻችን በተግባር አሳይተዋል። የፍሬሽማኑ የአመክንዮ ትምህርትም ቢሆን ይህንኑ ነው የሚለው፤ የሰውየውን ማንነት ትተህ ያቀረበውን ማስረጃ መርምር።

ስለ ኢማም ገዛሊ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሄደው ወደ አገራቸው ጡስ ሲመለሱ ሽፍቶች መንገድ ላይ ዘረፏቸው። ከሸይኻቸው የጻፉት ማስታወሻም አብሮ ተወሰደ። ገዛሊ ተከትለው ሄደው ማስታወሻውን እንዲመልሱላቸው ሲለምኑ፣ የሽፍቶቹ አለቃ ወረቀት ሲወሰድበት ያለ እውቀት የሚቀር ሰው ምን ዓይነት ተማሪ ነው ብሎ ሳቀባቸው፤ ወረቀቱን ግን መለሰላቸው። እሳቸውም አገራቸው ገብተው ሦስት ዓመት ያንን ማስታወሻ በልባቸው ለመያዝ አዋሉት። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1091 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆኑ። ዛሬ ሃንድአውቱ በስልክ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ምን ይቀርሃል? የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ራሱን ቢጠይቀው መልካም ነው።

ገንዘብና ፊርማ

አብዛኛው ተማሪ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የዕዳ ውል የሚፈርመው በዚህ ዓመት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከትምህርታቸው ወጪ የተወሰነውን ሥራ ሲይዙ ሊከፍሉ ይፈርማሉ፤ ወጪ መጋራት የሚባለው ነው። ብዙዎቹ ሳያነቡት ይፈርማሉ። በሃይማኖታችን ዕዳ አማና ነው። ቅጹን አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ኮፒውን አስቀምጦ መፈረም የአዋቂ ሰው ሥራ ነው።

ከቤት የሚላከውም እንዲሁ። ገንዘቡ ዛሬ በቴሌብር በደቂቃ ይደርሳል፤ ቀሎ ስለሚመጣ ቀሎ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ግቢ ዙሪያ ጫት ቤቱም ሺሻ ቤቱም ተማሪን ይጠብቃሉ። በወሩ መጀመሪያ ለፎቶኮፒ፣ ለሳሙና፣ ለትራንስፖርት የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ የለመደ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት አይበደርም። የወር ወጪውን ጽፎ የሚይዝ ተማሪ የአባቱን የገበያ ቀን ድካም ማየት ይጀምራል።

ስለ ሴት ልጆቻችን

እህቶቻችን እዚህ ደረጃ ለመድረስ ከወንዶቹ የበለጠ ተራራ ወጥተዋል። በገጠሩ ብዙዎቹ ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ የጋብቻ ጥያቄ መልሰው ነው ያነበቡት። ወላጅ ለሴት ልጁ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን ስጋቱ ዛቻ ሲሆን ጉዳት አለው። «አንድ ነገር ብሰማ አስወጥቼ አገባሻለሁ» የተባለች ልጅ ችግር ሲገጥማት የመጨረሻ የምትነግረው ሰው አባቷን ነው። መምህር ወይም ተማሪ ቢያስቸግራት፣ ብትታመም፣ ውጤቷ ቢወርድ ዝም ትላለች። በዝምታ ደግሞ የሚጠቀመው አስቸጋሪው ነው።

ይልቅ ከመሄዷ በፊት በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ነባር እህቶችን ማፈላለግ፣ በከተማው የሚታመን ቤተሰብ ማስተዋወቅ፣ «ምንም ቢሆን መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፤ አልቆጣም» ማለት ይጠቅማል። የተናገሩትን መፈጸም ግን የወላጁ ፈንታ ነው።

ለወላጆች ሁለት ቃል

አንደኛ፣ ስትደውሉ «ውጤት መጣ ወይ?» ብቻ አትበሉ። ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደሚያጠና፣ መስጂዱ ሩቅ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለው ምሁር ተማሪዎች ለምን ኮሌጅ አቋርጠው እንደሚወጡ ባጠናው ጥናት፣ ተማሪ ከቀድሞው ኅብረተሰብ መለየትን፣ በመሸጋገሪያው ላይ መቆየትን፣ ከአዲሱ ጋር መዋሐድን በየተራ እንደሚያልፍ ገልጿል። ብዙዎች የሚወድቁት በመካከለኛው ላይ ነው፤ የድሮው ከእጃቸው ወጥቶ አዲሱ ገና ሳይያዝ። የወላጅ ድምፅ በጣም የሚያስፈልገው በዚያ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲመለስ እንደ እንግዳም እንደ ሕፃንም አትያዙት። አንዳንዱ ወላጅ «አሁን ምሁር ሆኗል» ብሎ ሥራ አያዘውም፤ ሌላው ከመግሪብ በኋላ እንዳይወጣ በር ይቆልፍበታል። አጨዳ ከሆነ ማጭድ ስጡት። የቤት ጉዳይ ሲመከር ግን አስቀምጡትና ሐሳቡን ስሙ። ልጓሙን ለመያዙ የምታውቁት በዚህ ነው።

ለተማሪው

ወንድሜ፣ እህቴ! በዓመቱ መጨረሻ ውጤትህን ከምታይበት ወረቀት ጎን አንድ ሌላ ወረቀት አስቀምጥና እነዚህን ጻፍ። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነሳለሁ? ያልገባኝን እጠይቃለሁ? ከእኔ የተለየ ሰው ጋር ሳልጣላና ሳልሟሟ መኖር ችያለሁ? ለወላጆቼ የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው? ያነበብኩት ወረቀቱ ቢወሰድ ይቀርልኛል? ከአምስቱ ለሦስቱ «አዎ» ካልክ፣ አማካይ ውጤትህ ምንም ይሁን ምን፣ ያ ዓመት ከንቱ አልሄደም። ለቀሩት ሁለቱ ደግሞ ሁለተኛው ዓመት አለ።

አላህ መንገዱን ሰላም ያድርገው፤ የተሰደዱበትን እውቀት ለአገርና ለወገን የሚጠቅም ያድርግላቸው፤ የወላጆቻቸውንም ልፋት ፍሬውን ያሳያቸው። አሚን።